ለከድር ያስተማርኩት ውሸት

ሰው ጠላቱን በዱላ ይመታል፣ በጥይት ያደባበታል፣ አልሆን ሲለው በፍርድ ቤት ይከሰዋል። እኔ ግን ጠላቴን ሃይማኖቴን ላስተምረው ተቀመጥኩ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሱ የገዛልኝን ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣሁ የእምነቴን ሥርዓት አንድ በአንድ ነገርኩት። ከነገርኩት ውስጥ አንዱ ውሸት ነበር። ያችን አንዲት ውሸት ብዙ ቀን አስቤባት፣ አገላብጬ አይቻት ነው የመረጥኳት።

ነገሩ የሆነው ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ በአዝመራ ወቅት ሰሊጥ አጭዳለሁ፤ አዝመራው ሲያልቅ መጋዘን ገብቼ አበጥራለሁ። ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ ደብተር ሲጠፋ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ እጽፍበታለሁ። በበዓል ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት ጠርቶ ያስነብበኛል። ሰዉ ምላሴን ይወደዋል፤ እንዳያርፍበት ደግሞ ይፈራዋል። እኔም መፈራቱን ከመወደዱ አብልጬ እወደው ነበር።

ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ አዳነ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ጎረምሳ ነበር። አድጎ በአንድ እርሻ ካምፕ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን ማለዳ የትራክተሩ ባትሪና አንድ በርሜል ናፍጣ ጠፍቶ ተገኘ። ፍርድ ቤት ሁለት ምስክር ቀረበበት። አንደኛው አብሮት ይጠብቅ የነበረ የጎጃም ሰው ነው። ሁለተኛው የትራክተሩ ረዳት ከድር ነው። ከድር በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋ፣ ቀጭን ልጅ ነው። ዳኛው ፊት ጣቱን ወደ አዳነ ቀስሮ «እሱ ነው። በባጃጅ ሲጭን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ።

አዳነ «አላደረግኩም» አለ። እኔ አዳነን አመንኩ። ዳኛው ከድርን አመነ። ወንድሜ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት።

የጎጃሙ ሰው አገሩ ገባ። ከድር ገንዳ ውሃ ቀረ። በየቀኑ በዚያው መንገድ ያልፋል፣ በዚያው ሱቅ ይቆማል። እኔም ጥላቻዬን በሙሉ እሱ ላይ አራገፍኩ።

ለነፍስ አባታችን ለቄስ ሞላ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር። «አባ፣ አዳነን ከልጅነቱ ያውቁታል። ከድር በሐሰት እንደመሰከረበት ለሰዉ ይንገሩልን እንጂ» አልኳቸው።

«ጸልይ ልጄ» አሉኝ።

«ዋሽቶበታል አይሉም?»

«እኔ ጸልይ ነው ያልኩህ።»

ፈሪ ናቸው አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲያ ስለ ከድር አንዲት ግጥም ገጠምኩ።

ሰሊጥስ በማጭድ ወገቡ ይያዛል፣
የሰው ልጅ በምላስ ቆሞ ይታጨዳል።

አጫጆች ዜማ ሰጧት። ከእርሻ እርሻ ዞረች። ስለ ማን እንደተገጠመች ግን የሚያውቅ ብዙም አልነበረም። እኔ ይህ አልበቃኝም። ግጥም አያቆስልም፤ እኔ ደግሞ ቁስል ማየት ነበር የፈለግኩት።

አዳነ በታሰረ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በየስልኩ የሚመጣ ወሬ ከተማውን ሊያምሰው ደረሰ። እገሌ መስጊድ ሊያቃጥል ነው፣ እነ እገሌ ቤተ ክርስቲያን ሊደፍሩ ነው ይባላል። ቄስ ሞላና ሼህ እንድሪስ የቆዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ተመካከሩና አንድ ነገር ጀመሩ። ሰባት ወጣት ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሰባት ወጣት ከመድረሳ ተመርጦ ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣመራል። ሁለቱ አንዱ ለሌላው የራሱን ሃይማኖት ያስተምራል። ከዚያ ሕዝብ በተሰበሰበበት ክርስቲያኑ ወጥቶ እስልምናን፣ ሙስሊሙ ወጥቶ ክርስትናን ይናገራል። ባለቤቶቹ ሰምተው «አዎ፣ ይኼ የእኛ ነው» ካሉ ያልፋል። ካላሉ ተመልሶ ይማራል። ሕጉ ይኸው ነበር። «የጎረቤትህን እምነት ጎረቤትህ በሚቀበለው ቃል መናገር ካልቻልክ፣ ስለ እሱ አፍህን አትክፈት» ይሉ ነበር ሼህ እንድሪስ።

ቄስ ሞላ መጀመሪያ ያጣመሩኝ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ነው። ሄጄ «ከከድር ጋር ያድርጉኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ለመታረቅ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ቢያዩ እጃቸውን ከእሳት እንደሚያወጡ ያወጡት ነበር።

ከድርም እሽ አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተገናኘን። ሁለት ከርከዴ ይዞ መጣ።

«ዘፈንህን ሰምቼዋለሁ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«የቱን?»

«ቆሞ ይታጨዳል የሚለውን። ጥሩ ነው፣ ቤት ይመታል።»

«ስለ አንተ ነው።»

«አውቃለሁ። አጫጆቹ ግን ስለማያውቁ እኔው ፊት ይዘፍኑታል። አንድ ቀን እኔም አብሬ ተቀበልኳቸው።»

ሳቄ መጣ። ሊያስቀኝ በመቻሉ የባሰ ጠላሁት።

ሊያስተምረኝ የመረጠው ስለ ምስክርነት ነበር። «ሼህ እንድሪስ ስለ ዘካ አስተምረው ብለውኝ ነበር። እኔ ስለ ምስክር ይሁንልኝ አልኳቸው» አለ።

«ለምን?»

«የምትማረው አንተ ስለሆንክ።»

«ስለ ወንድሜ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

«አልተነፍስም። ስለ ሃይማኖቴ ነው የምነግርህ።»

ነገረኝም። ያዩትን መደበቅ ልብን የሚያቆሽሽ ኃጢአት እንደሆነ፣ ሰው በገዛ ራሱ ላይ፣ በእናት በአባቱ ላይ፣ በዘመዱም ላይ ቢሆን ያየውን እንዲመሰክር እንደታዘዘ፣ ለሀብታም ተብሎ እንደማይጨመር፣ ለድሃ አዝኖም እንደማይቀነስ፣ በሐሰት መመስከር ደግሞ ከከባዶቹ ወንጀሎች አንዱ እንደሆነ አስረዳኝ። ያልገባኝን ደጋግሞ አስረዳኝ። እኔም ላሾፍበት ብዬ «እስቲ ወላሂ በል» አልኩት።

«ወላሂ በየገበያው የሚበተን አይደለም» አለ። «አንድ ጊዜ ብያለሁ፣ ዳኛ ፊት። ይበቃኛል።»

የእኔ ተራ ሲደርስ ቄስ ሞላ የሰጡኝ ርዕስ ንስሐ ነበር። ሥርዓቱን አሳምሬ አስተማርኩት። ሰው የነፍስ አባት እንደሚይዝ፣ ተንበርክኮ ኃጢአቱን እንደሚናዘዝ፣ ቄሱ ጾሙን ስግደቱን ቀኖና ብሎ እንደሚሰጠው፣ ሲፈጽም እንደሚፈታው ነገርኩት። ከዚያ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከእውነቱ መሐል ውሸቷን አስቀመጥኳት።

«ኃጢአቱ የሰው ደም ወይም የሰው ንብረት የነካ እንደሆነ» አልኩት፣ «ቄሱ ለአገር ሽማግሌዎች ይነግራል። እነሱ ገብተው እንዲያስታርቁ።»

ከድር ደብተሩ ላይ ጻፋት። ጽፎም «ይኼ እንኳ ደግ ሥርዓት ነው» አለ።

«በጣም ደግ ነው» አልኩ።

የእኛን ሥርዓት ለማታውቁ፣ ይህች ቃል ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የንስሐ ነገር ከቄሱ ጆሮ አይወጣም። የሰማውን ያወጣ ቄስ ክህነቱን ያጣል። ቆላውን ለማታውቁ ደግሞ ሌላ ልጨምርላችሁ። በዚህ አገር ደም ይመለሳል። አንድ ሰው በስውር ገድሎ ሃያ ዓመት በሰላም የሚኖረው ገዳይነቱ ስላልታወቀ ነው፤ የታወቀ ቀን ወይ እሱ ይወድቃል ወይ ልጁ። እንዲህ ያለው ሰው ሸክሙን የሚያራግፍበት አንድ ቦታ ብቻ አለው፣ እሱም የቄሱ ጆሮ ነው። አሁን አንድ የመድረሳ ልጅ በአደባባይ ተነስቶ «ቄሶች የነገራችኋቸውን ለሽማግሌ ይናገራሉ» ቢል ምን ይከተላል? ቢያንስ ተደብድቦ ይባረራል። ቢበዛ ምን ሊሆን እንደሚችልም አስቤ ነበር። አላሰብኩም ብዬ አልዋሻችሁም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በቃሉ አስጠናሁት። እዚያች ቦታ ላይ ሲደናቀፍ «ድገመው» እለዋለሁ። ይደግመዋል። ደስታዬን እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ ኒሙ ቅርፊት አዙሬ አስደገምኩት።

የመናገሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ከቀትር በኋላ ነው። የአዳራሹ ቆርቆሮ ከላይ ያነዳል፤ ሰዉ ባገኘው ካርቶን ራሱን ያራግባል። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው ተቀምጠዋል፤ ነጠላውና ሒጃቡ ተቀላቅሏል። መሣሪያ የያዘ ሁሉ በር ላይ ለጥበቃው እያስረከበ ይገባል። ግድግዳው ሥር የተደገፈውን ጠብመንጃ በዓይኔ ቆጠርኩ።

ከፊት ወንበር አያ አስማረ ተቀምጠዋል። አያ አስማረ ከአብርሃ ጅራ በኩል የመጡ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው፤ ጥቂት የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ሁሉም ዝም የሚልላቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ባላንጣቸው የነበረ ሰው እርሻው ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ማን እንደገደለው የተናገረ የለም። ያየም የለም። አያ አስማረ ግን በየጾሙ መግቢያ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄደው ሲንበረከኩ አገር ያያቸዋል።

መምጣታቸውን አልጠበቅኩም ነበር። ለአንድ አፍታ «ከድርን ጠርቼ ያችን ነገር ተዋት ልበለው ይሆን?» ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አዳነ እስር ቤት አጥር ሥር ቆሞ፣ እናቴ ያመጣችለትን ስንቅ ሲቀበል ታየኝ። «ይምጡ» አልኩ በልቤ። «እንዲያውም ይሻላል።»

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ከድር ያስተማረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ግጥም አንባቢ ነኝና ድምፄ አዳራሹን ሞላው። ስለ ዘመድ ላይ መመስከር ስናገር የሙስሊሞቹ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሼህ እንድሪስ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምስክሩ ያየውን ቢናገር ወዳጆቹ የሚቀየሙት ቢሆንስ?»

ከድር ይኼንንም አስተምሮኝ ነበር። «ይቀየሙ» አልኩ። «እሱ የቆመው ከነሱ ለሚበልጥ ነው።»

«አዎ፣ ይኼ የእኛ ነው» አሉ በአንድ ድምፅ። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ አንድ ነጋዴ «ከቤቴ ልጆች አንተ ትሻላለህ። እነሱ ኳስ ነው የሚያውቁት» ብለው አሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን እንደተናገርኩ ግን ጆሮዬ አልሰማውም ነበር። ዞሬ ሳይ ከድር እጆቹን እያየ ነው።

ቀጥሎ እሱ ተጠራ።

ቀስ ብሎ ወጣ። ደብተሩን ገለጠ። ስለ ነፍስ አባት ተናገረ፤ ክርስቲያኖቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ መናዘዝ ተናገረ። ስለ ቀኖና ሲናገር አንዲት ባልቴት «እንዴት አሳምሮ ያዘው» ስትል ሰማኋት። ወደዚያች ቦታ ተቃረበ። ቃሉን በሆዴ ከሱ ቀድሜ እላለሁ፤ ኃጢአቱ የሰው ደም የነካ እንደሆነ፣ ኃጢአቱ የሰው ደም የነካ እንደሆነ።

ከድር ደብተሩን ዘጋ።

«ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል» አለ። «ሰውየው የተናዘዘው የሰው ደም ቢሆን ወይም የሰው ንብረት ቢሆን፣ ቄሱ የሰሙትን ምን ያደርጉታል? ይኼ ከባድ ነው። እኔ ተናግሬ ከምሳሳት መምህሬ እዚሁ አለ። እሱ ይንገራችሁ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከድርን አየሁት። ያውቃል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ማሾፍም የለም፤ ዓይኑን ብቻ አልነቀለልኝም። ቄስ ሞላን አየሁ። እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ያያሉ እንጂ እኔን አያዩኝም። እሳቸውም ያውቃሉ።

ተነሳሁ።

«ንገረን እስቲ ልጄ» አሉ አያ አስማረ። ከወንበራቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል።

የማመልጥበት ፈለግኩ። «አላስተማርኩትም» ልል አሰብኩ። «ረስቼዋለሁ» ልል አሰብኩ። እኔ በነገር የማልያዝ፣ ሰው በምላሴ የማጭድ፣ አንዲት ውሸት አላገኘሁም።

«ለማንም አይናገሩም» አልኩ።

«ለሽማግሌስ?» አለ ከድር።

«ለሽማግሌም አይናገሩም።»

«ለማስታረቅ ቢሆንስ?»

«ለማስታረቅም ቢሆን።»

«ለተናዛዡ እናትስ?»

«አይናገሩም።»

«ለወንድሙስ?»

«ለወንድሙም አይናገሩም።»

ይኼን ስል ቄስ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለምን እንደጨፈኑ ያኔ አልገባኝም። ከድርም ያወቀ አይመስለኝም፤ ጥያቄውን ሲያስረዝም የመጣለት ነው።

«ቢናገሩስ?»

«ክህነታቸውን ያጣሉ።»

«አዎ፣ ይኼ የእኛ ነው» አሉ ክርስቲያኖቹ። አያ አስማረ ወደ ኋላ ተደግፈው ግንባራቸውን በፎጣ ጠረጉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ለሁለታችን ነው። ሰዉ የተማሪና የመምህር ፍቅር አየሁ ብሎ ነው የሄደው።

ስንወጣ ከድር ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ እጁን ሲታጠብ አገኘሁት።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማንም። ዳኛ እንኳ በአንድ ምስክር አይፈርድም። አንተ ስላልከኝ ብቻ ሰው ፊት ልቆም ነው? ሐሙስ ዕለት ቄስ ሞላ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ያችን ክፍል ዝለላት አሉኝ። ልጁን አታዋርደው፣ ቆስሎ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልዘለልካትም?»

«ፊትህን ላየው ፈልጌ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመንገድ ባለፍኩ ቁጥር ስትተፋ እያየሁ ዝም ብያለሁ።»

«ለምን አልተናገርክብኝም ታዲያ? እንዲህ ብሎ አስተማረኝ ማለት ትችል ነበር።»

«ሳልናገርብህ ነው የበለጠ የሚያምህ ብዬ።»

«ተበቀልከኝ ማለት ነው።»

«ትንሽ» አለ። እጁን ሱሪው ላይ አደረቀ። «ብዬው ቢሆን ምን ይመጣ እንደነበር ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች» አለኝ። «ከሴቶቹ ጋር፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ልጄ የሰው ሃይማኖት ተምሮ ሊናገር ነው ብላ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ነው የመጣችው።»

ትቶኝ ሄደ።

በማግስቱ አዳነን ልጠይቅ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር። ከድር እንዴት አድርጎ እንዳዋረደኝ፣ ለጥቂት እንዳመለጠኝ እየሳቅኩም እየተሳደብኩም ነገርኩት። አብሮኝ እንዲስቅ ጠበቅኩ። አዳነ አልሳቀም። ስንቁን ሳይከፍት መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ስለ ንስሐ ነው እንዲህ ብለህ ያስተማርከው?»

«አዎ።»

«ቄስ ሞላ ያውቃሉ» አለ።

«ምኑን?»

«ባትሪውንም ናፍጣውንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከመያዜ በፊት ነው ሄጄ የተናዘዝኩት። መልሰው አሉኝ። ልመልስ ስል ደረሱብኝ።»

የአጥሩን ሽቦ ይዤ ቆምኩ። «ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ከዚያ ግጥምህን እዚህ ድረስ ይዘውት መጡ። እስረኛው ሁሉ በሐሰት የተያዘው ሰው እያለ አከበረኝ። አንተም በመጣህ ቁጥር ንጹሕ አድርገህ ታየኝ ነበር። ጣመኝ ወንድሜ። ንጹሕ መሆን ጣመኝ።»

ሳልሰናበተው ወጣሁ። እንግዲህ አስቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከድርን ስረግም ቄስ ሞላ ጆሯቸው ላይ ነበር የምረግመው። እኔን ዝም ለማሰኘት አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። «ወንድምህ ሰርቋል» ቢሉ ያልቅ ነበር። አላሉም። ያን ሁሉ ዘመን ከእኔ ሲጠበቅ የነበረውን ምስጢር ነው፣ አይጠበቅም ብዬ ለሰው ያስተማርኩት።

ቤታቸው ሄጄ «አዳነ ሁሉንም ነገረኝ» አልኳቸው።

«እሱ ከነገረህ የእሱ ነው» አሉ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም።» ከዚያ በላይ አንዲት ቃል ከአፋቸው አላወጣሁም።

ከድርን ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። እናቱ አስገቡኝ፣ ተቀመጥ አሉኝ፤ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ወጥተን በር ላይ ቆመን ነገርኩት። አዳነ ያለውንም ነገርኩት።

«አውቀዋለሁ» አለ። «አይቼዋለሁ እኮ።»

«ይቅር በለኝ።»

«በጓዳ አይደለም። የሰደብከኝ በእርሻው ሁሉ ነው። ልታስመታኝ የነበረው በአደባባይ ነው። ይቅርታህንም እዚያው አዳራሽ አምጣት። ያስተማርኩህ ሌላ ምን ነበር?»

ሦስት ወር ፈጀብኝ። በሦስቱ ወር ውስጥ ከድርን እንደገና ለመጥላት ሞክሬያለሁ፤ አንዳንድ ቀን ተሳክቶልኛል። አዳነንም ጠልቼዋለሁ። በቀል ማለት እንዲህ ነው፣ ያሰበበት ሲዘጋበት ሌላ በር ያንኳኳል። በመጨረሻ በአንዱ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ሰው ፊት ተነስቼ፣ ከድርን ምን ብዬ እንዳስተማርኩት፣ ለምን እንዳስተማርኩት፣ እሱ በወንድሜ ላይ የመሰከረው እውነት እንደነበር ተናገርኩ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲህ ግጥም አላስነበበኝም። ከድር መጥቶ አላቀፈኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት ዋልክ» አለኝ። እስካሁን ያለን ይኼው ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅኩትም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀምጦ ሲማማር ስታዩ የሻይ ጨዋታ አይምሰላችሁ። ከድር ስለ ንስሐ የሚያውቀው ከእኔ አፍ የወጣውን ብቻ ነበር። በሰው ላይ ያን ያህል ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም። ጥይት ይዤ ብጠብቀው ይሸሸኝ ነበር። እኔ ግን እምነቴን ይዤ መጣሁበት፤ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። እሱም የራሱን ሲሰጠኝ፣ የሚጠላው ሰው እጅ ላይ ማስቀመጡን እያወቀ ነው። ሊያጣምመው የሚችል ሰው ፊት አንዲት ቃል ሳያጣምም አስተማረኝ። አሁን የሌላውን ሃይማኖት ሰው ሲነግረኝ፣ ወሬም ሲመጣ፣ ሁለተኛ ምስክር ሳልጠይቅ አላልፍም። የራሴንም ስነግር እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ እመዝናለሁ።

ከተናገርኩ በሁለተኛው ቀን መጋዘኑ በር ላይ ሰሊጥ እያበጠርኩ አያ አስማረ መጡ። መሣሪያቸውን እንዳነገቱ ጥላው ውስጥ ቆሙ።

«ቅዳሜ ያልከው እውነት ነው?» አሉኝ። «ልጁን እንዲያ ብለህ ነው ያስተማርከው?»

«አዎ አያ።»

«እኔ እንድመታልህ ነበር?»

ማበጠሩን አቆምኩ።

«እሱንስ አልነካውም ነበር» አሉ። «እሱ ምን ያውቃል፤ የነገሩትን ነው የሚናገረው። እኔ ቄሱ ዘንድ ያለኝን አንተ አታውቅም። ያን ቃል ብሰማ የምሄደው ወደ ቄሱ ነበር።»

መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወደ ገበያው ወረዱ። ያኔ አዳራሹ ትዝ አለኝ። ፊት ወንበር ላይ፣ ቄስ ሞላና እሳቸው ትከሻቸው ተነካክቶ ነበር የተቀመጡት።